ሼድ፣ ብድር ወይስ ማሽን? በደሴና በኮምቦልቻ ሥራ ለሚጀምር የድጋፍ አማራጮች ንጽጽር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የራሱን ሥራ ለመጀመር የተነሣ ሰው የሚያንኳኳው በር ብዙ ነው። በማኅበር ተደራጅቶ ሼድ (ለተደራጁ በቅናሽ የሚከራይ የሥራ ቦታ) መጠየቅ ይችላል። በግሉ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ቤት መከራየትም ይችላል። ከፀደይ ባንክ መበደር፣ ማሽን በሊዝ (በየጊዜው እየከፈሉ በኪራይ) መውሰድ፣ ወለድ አልባ አገልግሎት መጠየቅ፣ እቁብ መግባትም አለ። እያንዳንዱ የሚሰጠው ነገር አለው፤ የሚያስረውም አለው። የሚሰጠውን ማስታወቂያው ይናገራል፤ የሚያስረው ግን ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተፈረመ በኋላ ነው። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የምናነጻጽረው በዋናነት በሚያስሩት ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ሥራው ምን ጎደለው?

አንድ ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፦ ነገ ጠዋት 100,000 ብር እጃችሁ ቢገባ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ትገዙበታላችሁ? መልሱ ዱቄት፣ ጨርቅ፣ ላሜራ ከሆነ የጎደላችሁ የሥራ ማስኬጃ ነው፤ አጭር ብድር ወይም እቁብ ይበቃዋል። መልሱ መጋገሪያ ወይም የብየዳ ማሽን ከሆነ ጥሬ ብር መበደር አይበጅም፤ ሊዝን ወይም ሙራባሃን (ባንክ ዕቃውን ገዝቶ በረዘመ ክፍያ የሚሸጥበትን) ቀድማችሁ እዩ። መልሱ የስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ ከሆነ ችግሩ ቦታ ነው። "እስቲ አስበዋለሁ" ከሆነ ግን ገና ገበያው አልተገኘም፤ ያ ሰው ብድር ከወሰደ የሚከፍለው ከሽያጭ ሳይሆን ከብድሩ ከራሱ ነው። ብዙ ሥራ በመጀመሪያው ዓመት የሚዘጋውም እንዲህ ነው፦ ከተበደሩት ላይ እየቆነጠሩ ወርኃዊ ክፍያ መክፈል፣ ከዚያ የሥራ ማስኬጃው ማለቅ፣ ከዚያ ዋሱ መጠራት።

ገበያውን መፈተሽ ብዙ አያስወጣም። ቢያንስ ሦስት ገዢዎች ዘንድ ሄዳችሁ በምን ዋጋ፣ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ቀን ዱቤ እንደሚገዙ ጠይቁ። ሦስተኛው ጥያቄ አይዘለል። በ45 ቀን ዱቤ የሚገዛ ደንበኛ ያለው ሰው የ45 ቀን ጥሬ ዕቃ፣ ደመወዝና ኪራይ ከኪሱ መሸፈን አለበት።

አደረጃጀት፦ በግል፣ በኅብረት ሽርክና ወይስ በኃላፊነቱ የተወሰነ?

ይህ ውሳኔ ከብድሩ ይቀድማል፤ ዕዳው ማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስነው እሱ ነውና።

በግል ንግድ ፈቃድ ማውጣት ቀላሉ መንገድ ነው። ፋይዳ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን)፣ የቤት ኪራይ ውል ወይም የይዞታ ማስረጃ ይዞ መሄድ ነው። ሙያው የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምግብ፣ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጫው ይቀድማል። ውሳኔ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ነው፤ ዕዳም እንዲሁ። የንግዱ ዕዳ የነጋዴው ዕዳ ስለሆነ ከሱቁ አልፎ ወደ መኖሪያ ቤቱ ይደርሳል። ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። የጋራ ቤት በዋስትና ሲያዝ የባልም የሚስትም ፊርማ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ምክሩ ከባንክ ቀጠሮ በፊት ቤት ውስጥ ይለቅ።

የኅብረት ሽርክና ማኅበር በሥራና ሥልጠና መምሪያ በኩል የሚደራጁ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሚመሩበት መልክ ነው። ለሼድ፣ ለሥልጠናና ለገበያ ትስስር ሲሰለፉ የተደራጀው ከግለሰቡ ይቀድማል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ማሰሪያው ግን ከባድ ነው፤ ሲያደራጁም እምብዛም አይነገርም። በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የኅብረት ሽርክና አባላት ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ ያለ ገደብ ተጠያቂ ናቸው። አምስት ሆናችሁ 500,000 ብር ብትበደሩና አራቱ ቢጠፉ አበዳሪው 500,000ውንም ከአምስተኛው መጠየቅ ይችላል። "የእኔ ድርሻ 100,000 ብቻ ነው" ማለት እርስ በርስ ሲተሳሰቡ እንጂ በአበዳሪው ፊት አይሠራም።

ከወይዘሮ ስሂን ወይም ከኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ በብረታ ብረት ሙያ የተመረቁ አምስት ልጆች ተደራጁ እንበል። ሁለቱ በየቀኑ ይበይዳሉ፤ አንዱ ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ቅዳሜ ይመጣል፤ ሁለቱ ቁጥር ለማሟላት የተጨመሩ ናቸው። ትርፍ በእኩል ይካፈል ከተባለ የሚበይዱት ይኮርፋሉ፤ በሥራ ይካፈል ከተባለ የተጨመሩት ይከሳሉ። ማኅበራት የሚፈርሱት ገበያ ከማጣት ይልቅ በዚህ ዓይነት ጠብ ነው ብንል አናጋንንም። መድኃኒቱ ከመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቀድሞ መጻፍ ነው። ከመምሪያው የሚሰጠው ቅጽ ላይ ስም ሞልቶ መፈረም አይበቃም፤ የሚከተሉት አራት ነገሮች በግልጽ ይግቡበት።

የሚሠራ አባል በየወሩ ደመወዝ ያገኛል፤ ትርፍ የሚከፋፈለው ከደመወዙ በኋላ ነው።
ከባንክ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ፊርማ ነው።
አባል ሲለቅ ድርሻው በምን ስሌት ተገምቶ፣ በስንት ወር ይከፈለዋል?
በተከታታይ ስንት ቀን የቀረ አባል ከአባልነት ይሰናበታል?

በተለይ ሦስተኛው ሳይጻፍ ከቀረ የሚለቅ አባል "ማሽኑ ይሸጥና ድርሻዬ ይሰጠኝ" ይላል፤ ሥራውም በዚያ ያበቃል።

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ2 እስከ 50 አባላት ይይዛል፤ መነሻ ካፒታሉ ከ15,000 ብር አያንስም። አባላት ለዕዳ የሚጠየቁት ባዋጡት ልክ ነው። በ2013 የወጣው ሕግ ባለ አንድ አባል የሆነውንም ፈቅዷል፤ መሥራቹ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰው ግን ሲመሠርት ማሳወቅ አለበት። ለአንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ይህ ጥሩ አማራጭ ነው፤ ቁጥር ለማሟላት ያልፈለገውን ሰው ማስገባት ቀረለት።

ጥበቃው የሚሸረሸርበትን ቦታ ግን እወቁ። ባንኩ ለማኅበሩ ሲያበድር ሥራ አስኪያጁንም በግሉ ዋስ አድርጎ ሊያስፈርመው ይችላል። ያን ጊዜ ለዚያ ብድር "የተወሰነ" የሚለው ቃል ለፈራሚው አይሠራም። የማኅበሩንና የግሉን ገንዘብ በአንድ ሂሳብ እያደባለቀ የሚያንቀሳቅስ ሰውም ያንኑ ጥበቃ በገዛ እጁ ያፈርሳል።

*ግብሩስ?*

በ2017 የተሻሻለው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ግብር ከፋዩን በሁለት ደረጃ ይከፍላል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ደረጃ "ለ" ነው፤ ግብሩ በሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። 2 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የሚሸጥ ግለሰብና ማናቸውም ድርጅት ደረጃ "ሀ" ናቸው፤ የሂሳብ መዝገብ ይይዛሉ። "ማናቸውም ድርጅት" የሚለውን ልብ በሉት። ኅብረት ሽርክናም ድርጅት ነው። አምስት ሆነው በትንሽ ሽያጭ የጀመሩ ልጆች በሕጉ የሂሳብ መዝገብ ይጠበቅባቸዋል፤ ለብቻው የሚሠራው ጎረቤታቸው ግን በዚያው ሽያጭ ላይ አይጠበቅበትም። ደረሰኝ ሳይሰበስቡ ዓመቱ ካለቀ የገዙት ላሜራ እንደ ወጪ አይያዝላቸውም፤ ባላገኙት ትርፍ ላይ ግብር ይመጣል።

መዝገብ የሚይዙትን ሁለቱን እናወዳድር። የግለሰብ ነጋዴ ትርፍ በዓመት እስከ 24,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ በየእርከኑ 15፣ 20፣ 25፣ 30 በመቶ እያለ ይወጣና ከ168,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ድርጅት ከመጀመሪያው ብር ጀምሮ 30 በመቶ ይከፍላል። የዓመት ትርፉ 150,000 ብር ከሆነ በእነዚህ መጣኔዎች የግለሰቡ ስሌት 28,800 ብር፣ የማኅበሩ 45,000 ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት 492,000 ብር ትርፍ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የማኅበሩ መጣኔ ይቀላል፤ ሆኖም አባላት ትርፉን ሲከፋፈሉ የትርፍ ድርሻ ግብር ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ማኅበሩ ለሥራ አስኪያጁ የሚከፍለው ደመወዝ ወጪ ሆኖ ይያዛል፤ ከደመወዙም በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ነጻ ነው። ሠራተኛ ያለው ሁሉ የጡረታ መዋጮ ይጨምርበት፦ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ።

የእኛ ምክር ይህ ነው። ብቻውን የሚጀምርና ትልቅ ዕዳ የማይገባ በግል ይጀምር። ሁለትና ሦስት የሚተማመኑ ባለሙያዎች ብድር የሚወስዱ ከሆነ፣ ወረቀቱ ቢበዛም፣ ኃላፊነቱ የተወሰነውን ይምረጡ። ኅብረት ሽርክና የሚያዋጣው አባላቱ ሁሉ የሚሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ዕዳ ለመክፈል አውቀው የፈረሙ፣ ሼዱም በእርግጥ የሚሰጥ ሲሆን ነው። ለሼድ ተስፋ ብቻ ተብሎ ያለ ገደብ ዋስ መሆን አይገባም።

ገንዘቡ፦ አምስት መንገዶች

*ከብድርና ቁጠባ ተቋም መበደር።* አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) በ2014 ፀደይ ባንክ ከሆነ በኋላም ለአነስተኛ ተበዳሪ ቀዳሚው በር እሱ ነው። ዋስትናው የቡድን፣ የደመወዝተኛ ዋስ ወይም የቤት ካርታ ሊሆን ይችላል። የደመወዝተኛ ዋስ የሚሆን ዘመድ ምን እንደሚፈርም አስረዱት፤ ተበዳሪው ሲያቅተው ከደመወዙ ይቆረጣል።

ከማንም ስትበደሩ የምትጠይቁት የወለዱን መጣኔ ብቻ አይሁን። ወለዱ የሚሰላው ከመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ ነው ወይስ በየወሩ ከሚቀረው ላይ? ለምሳሌ ያህል 200,000 ብር በ18 በመቶ ለ24 ወር ውሰዱ። በቋሚ ስሌት ወለዱ 72,000 ብር፣ ወርኃዊው ክፍያ 11,333 ብር ይሆናል። በቀሪ ዕዳ ስሌት ግን ወርኃዊው ወደ 9,985 ብር፣ ጠቅላላ ወለዱም ወደ 39,600 ብር ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱም "18 በመቶ" ናቸው፤ ልዩነታቸው ከ32,000 ብር ይበልጣል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የየወሩን ክፍያ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አስወጥታችሁ ድምሩን ራሳችሁ ደምሩ። የአገልግሎት ክፍያና የብድር መድን ቀድሞ ተቀንሶ ከሆነ እጃችሁ የገባውን እንጂ የተጻፈውን አትቁጠሩ።

ሁለተኛው ነገር የእፎይታ ጊዜው ነው። ልብስ ሰፊ ገንዘብ የሚያየው ለዒድ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ከዚያም ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም በነሐሴና በመስከረም ነው። ግንቦት ላይ ተበድሮ ሰኔ ላይ መክፈል የሚጀምር ሰፊ ገበያው ሳይመጣ ጨርቁን በገዛበት ዋጋ ይሸጣል። ብድሩ ከገበያው ሁለት ወር ቀድሞ እንዲወጣ፣ ክፍያውም ከገበያው ጋር እንዲጀምር ተደራደሩ።

*ሊዝ።* የካፒታል ዕቃ ኪራይ ሕጉ (በአዋጅ ቁጥር 807/2005 የተሻሻለው) ማሽን ያለ ቤት ካርታ ለማግኘት ያስችላል። በክልሉ ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ፣ ለከፍ ያለ መጠን ደግሞ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ አሉ። የተለመደው አካሄድ 20 በመቶውን እናንተ መቆጠብ፣ 80 በመቶውን አከራዩ መሸፈን ነው። 600,000 ብር ለሚያወጣ ማሽን 120,000 ብር ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ነው፤ ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ባለቤቱ አከራዩ ነው። መሸጥ፣ ለሌላ ማከራየት፣ ሳያሳውቁ ቦታውን መቀየር ክልክል ነው።

የሊዝ ስህተት አብዛኛው የሚሠራው ፕሮፎርማ (የአቅራቢ የዋጋ ማቅረቢያ) ሲመረጥ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይገዛና ማሽኑ ሲመጣ መለዋወጫው አገር ውስጥ የለም። ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ ስትሰበስቡ የሞተሩን ጉልበት በኪሎ ዋት፣ የኤሌክትሪኩን ፌዝ (ባለ አንድ ወይስ ባለ ሦስት መስመር)፣ በሰዓት የሚያመርተውን መጠን፣ የዋስትናውን ጊዜና ተከላው በማን እንደሆነ በጽሑፍ አስገቡ። ያንኑ ማሽን የሚሠራበት ሰው ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ ፈልጋችሁ ሲሠራ እዩት። ሊዙ የማይሸፍነውንም አስቀድማችሁ ቁጠሩ፦ ማጓጓዣ፣ ማውረጃ፣ ኬብልና ማከፋፈያ ሳጥን፣ የመሠረት ሲሚንቶ፣ የመጀመሪያው ወር ጥሬ ዕቃ። ማሽን ገብቶ ጥሬ ዕቃ መግዣ የጠፋበት ማኅበር ጥቂት አይደለም። ለዚህ ሊዝን ከአጭር ብድር ወይም ከእቁብ ጋር ማጣመር ይበጃል።

*ወለድ አልባ።* በወሎ ብዙ ነጋዴ ወለድ ስለማይፈልግ ብቻ ከባንክ ርቆ ኖሯል። አሁን ሙሉ በሙሉ ወለድ አልባ የሆኑት ዘምዘምና ሂጅራ ባንክ አሉ፤ ሌሎች ባንኮችም የወለድ አልባ መስኮት ከፍተዋል። ለአነስተኛ ሥራ የሚመቸው ሙራባሃ ነው፦ ባንኩ ዕቃውን ይገዛና ትርፉን ገልጾ በረዘመ ክፍያ ይሸጥላችኋል። ባንኩ 200,000 ብር የገዛውን በ240,000 ብር በ24 ወር ቢሸጥላችሁ ወርኃዊው 10,000 ብር ነው። ከላይ ካለው የቀሪ ዕዳ ስሌት ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ዋጋውም አይለዋወጥም። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። ፕሮፎርማው መጀመሪያ ወደ ባንኩ ይሄዳል፤ እናንተ አስቀድማችሁ የገዛችሁትን ዕቃ ባንኩ ሊገዛው አይችልም። ሻጩ እንዳያመልጥ ብለው ቀብድ ከፍለው የመጡ ሰዎች ጉዳያቸው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

*የሚንቀሳቀስ ንብረት ዋስትና።* በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከብት፣ ከገዢ የሚሰበሰብ ሂሳብ ሳይቀር በዋስትና እንዲያዝ ፈቅዷል። ቤት ለሌለው ሰው ትልቅ በር ነው። ሆኖም ሕጉ መፍቀዱ ባንኩን አያስገድደውም፤ የሚቀበል ቅርንጫፍ ለማግኘት ጠይቆ መዞር ያስፈልጋል። የግዢ ደረሰኝ ከሌለ የማሽኑ ባለቤት መሆናችሁን ማሳየት ስለማይቻል ደረሰኙን ከግብር ባለፈም ለዚህ አስቀምጡት።

*እቁብ።* 20 ሰው በወር 10,000 ብር ሲጥል 200,000 ብር ይወጣል፤ ወለድም ካርታም የለበትም። ቀድሞ ለደረሰው ያለ ወለድ የተገኘ ብድር ነው፤ መጨረሻ ለደረሰው ግን የብሩ የመግዛት አቅም በ20 ወር ቀንሶበታል። ስለዚህ ለማሽን መግዣ እቁብን ብቻ መጠበቅ አያዋጣም፤ ለጥሬ ዕቃ ማዞሪያ ግን የሚወዳደረው የለም። ሁለት ነገር ጠብቁ። ከወሰዱ በኋላ የሚቀረውን የሚከፍል ዋስ በጽሑፍ ይኑር፤ የወር መዋጮው ደግሞ ሥራው በተረጋገጠ ሁኔታ ከሚያስገባው ትርፍ አይብለጥ።

ቦታ፦ ሼድ ወይስ ኪራይ? ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?

ሼድ ከገበያ ኪራይ ይረክሳል፤ ብዙ ጊዜ ለ5 ዓመት የሚሰጥ መሸጋገሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ወጥቶ ለሌላ መልቀቅ ይጠበቃል። ስለዚህ በሼድ የሚቀር ኪራይ ትርፍ አይደለም፤ በየወሩ የኪራዩን ልዩነት ለብቻው በሂሳብ ያላስቀመጠ ሰው አምስተኛው ዓመት ሲመጣ ወደ ገበያ ኪራይ መግባት ይከብደዋል።

ሼድ ስትረከቡ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት አራት ነገር እዩ። መብራቱ ባለ ሦስት ፌዝ ነው? የትራንስፎርመሩ አቅም ለሁሉም ማሽን ይበቃል? አንድ ፌዝ ብቻ ባለበት ሼድ ከባድ ብየዳና የእንጨት መላጊያ አብረው አይሠሩም፤ መስመሩ ይዘላል፣ ሞተር ይቃጠላል። ውኃ መግቢያና መውጫ አለው? ለምግብና ለቆዳ ሥራ ያለዚህ አይሆንም። የጭነት መኪና በሩ ድረስ ይገባል? አራተኛው ጎረቤት ነው፦ የእንጨት ብናኝ ከሚያቦንን ሥራ ጎን ልብስ ስፌት ወይም ዳቦ ቤት አይቀመጥም።

ከሁለቱ ከተሞች አንዱን የመምረጥ ጉዳይ እምብዛም ሲታሰብበት አይታይም። ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲደርሱ አየሩም ገበያውም ሌላ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ከፍታዎች መካከል ጠብቦ የተቀመጠ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የንግድ ከተማ ነው። ፒያሳም ሆነ ሰኞ ገበያ ገዢው ራሱ ይመጣል፤ ከዙሪያ ወረዳዎች ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለመንግሥት ጉዳይ የሚመጣው ሰው ሁሉ ደንበኛ ነው። ልብስ፣ ጫማ፣ ዳቦና ኬክ፣ የሞባይል ጥገና፣ ማተሚያ ደሴ ይሻላቸዋል። ነገር ግን ሜዳ ቦታ አነስተኛ ነው፤ ዳገቱም የዕቃ ማመላለሻ ይጨምራል። ብርዱም በምርት ላይ ይገባል። ሊጥ ዘግይቶ ስለሚቦካ እንጀራ ጋጋሪ ተጨማሪ የማቡኪያ ዕቃና ቦታ ይፈልጋል፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀለምና ቫርኒሽ ቶሎ ስለማይደርቅ የቤት ዕቃ ሠሪ ርክክቡን በቀናት አርቆ ይቅጠር።

ኮምቦልቻ ዝቅ ብሎ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ያለ፣ ሜዳ የያዘ የኢንዱስትሪ ከተማ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡ፣ በባቲና በሚሌ ወደ ጅቡቲ የሚወጣው መንገድ እዚያ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 መጨረሻ ሲመረቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ነበር። ትንሽ ሥራ ፓርኩ ውስጥ ሼድ መያዝን ሳይሆን የፓርኩና የፋብሪካዎቹ አቅራቢ መሆንን ያስብ፦ የፈረቃ ሠራተኛ ምግብ፣ የሥራ ልብስ፣ የእንጨት ፓሌት፣ መለዋወጫ መቅረጽ፣ የጭነት መኪና ጥገና። አደጋው ገዢው አንድ መሆኑ ነው። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎአ ቀረጥ ነጻ ዕድል ስትታገድ ወደዚያ ይልኩ የነበሩ የልብስ ፋብሪካዎች ተጎዱ፤ በእነሱ ላይ የተንጠለጠለ አቅራቢም አብሮ ይጎዳል። ከሽያጫችሁ ግማሹ ከአንድ ድርጅት የሚመጣ ከሆነ ሁለተኛ ገዢ መፈለግ የትርፍ ጊዜ ሥራ አይደለም። ፋብሪካ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝ ያለውን አቅራቢ ይመርጣል፤ ግዴታ ባይደርስባችሁም በፈቃደኝነት መመዝገብ ገበያውን ይከፍታል፣ በየጊዜው የማሳወቅ ግዴታውንም ያመጣል።

በሁለቱም ከተሞች አንድ የማይረሳ ነገር አለ። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተሞቹ ውስጥ ሲገባ ብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን አጣ። መደበኛው የእሳት መድን ጦርነትን አይሸፍንም፤ የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው የሚገዛ ነው፤ የጦርነትን ጉዳይ ሐረግ በሐረግ አንብባችሁ ጠይቁ። የሊዝ ማሽን ካላችሁ ካሣው መጀመሪያ ለማን እንደሚከፈል ውሉ ላይ ፈልጉ። የፈቃድ፣ የውል፣ የደረሰኝና የማሽን ቁጥር ፎቶ ከሥራ ቦታው ውጪ ሌላ ቦታም ይቀመጥ። ንብረቱን ባያድንም የነበረውን ለማስረዳት ይረዳል።

የመንግሥት ገበያ

ተደራጅተው የተመዘገቡ ኢንተርፕራይዞች በመንግሥት ጨረታ ላይ ከባንክ ሲፒኦ (ባንኩ ክፍያውን ካረጋገጠው ቼክ) ይልቅ ካደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ ይፈቀድላቸዋል። ለትምህርት ቤት ወንበርና ለቢሮ ጠረጴዛ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ደካማው ጎኑ የክፍያ መዘግየት ነው። በተለይ በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል በሰኔ የሚሰጥ ሥራ ርክክቡ ከዘገየ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ሊሻገር ይችላል። የሁለት፣ የሦስት ወር ማስኬጃ ሳይኖራችሁ ትልቅ ጨረታ አትግቡ። ዋጋ ስትሰጡም የጥሬ ዕቃውን የነገ ዋጋ እንጂ የዛሬውን አትያዙ።

ቀኖቹ፣ መዝጋቱም

ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ለማደስ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳይ ማስረጃ) ስለሚጠየቅ ደረጃ "ሀ" የሆነ ሰው እስከ ጥቅምት 30 ሂሳቡን አሳውቆ መጨረስ አለበት። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰልፉ ስለሚበዛ ኅዳር ውስጥ ጨርሱት።

ሥራ ያልሆነለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሩን ቆልፎ ይሄዳል፤ ፈቃዱን ግን አይመልስም። ያልተመለሰ ፈቃድ እንደሚሠራ ንግድ ይቆጠራል፤ ሰውየው ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ አዲስ ሥራ ሊጀምር ሲመጣ በቲኑ ላይ ግብርና ቅጣት ተቆልሎ ያገኛል። ማኅበር ከሆነ ደግሞ ጥለው የሄዱት አባላት ስምም አብሮ ተይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሥራው የቆመ ዕለት ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የመጨረሻውን ግብር አሳውቃችሁ ክሊራንስ ውሰዱ፤ ፈቃዱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት መልሳችሁ የመሰረዣውን ደብዳቤ ከቲን ሰርተፊኬታችሁ ጋር አስቀምጡ።